እትዬ አስካለን የገደላቸው ውፍረት አይደለም

በቦንጋ ገበያ ጨርቅ በመሸጥ የሚታወቁት እትዬ አስካለ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ወደ ጅማ ሲጓዙ የተሳፈሩበት ሚኒባስ ተገልብጦ ሕይወታቸው አለፈ። በዚህ ዞን ለረጅም ዓመታት ለሬዲዮ የአደጋ ዜና ስሠራ የሟችን ስም ደጋግሞ ማረጋገጥ ልማዴ ነው። ያን ዕለት ግን ስልኩን ይዤ ደጋግሜ የጠየቅሁት «ተሳስተናል» እንዲሉኝ ነበር። እሑድ ዕለት አብረን ሻይ ጠጥተን ነበር።

አስከሬናቸው ቦንጋ ሳይደርስ ወሬ ቀድሞ ገባ። «ያ ቀዶ ጥገና ነው የገደላቸው»፣ «መልሰው ወፍረው ልባቸው አልቻለም» ተባለ። ስለዚህ አስቀድሜ የማውቀውን ልናገር። ትራፊክ ፖሊሱንም የሚኒባሱን ረዳትም አነጋግሬአለሁ። ዝናብ ነበር፤ መኪናው ቁልቁለቱ ላይ ተንሸራቶ ከመንገድ ወጣ። እትዬ አስካለ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ደህና ነበሩ፤ ጨዋታ ላይ ነበሩ።

ሚሊኒየሙ ካለፈ ጥቂት ዓመታት በኋላ ልጃቸው ህንድ አገር ወስዷቸው ጨጓራቸውን በቀዶ ጥገና አሳንሰው ተመለሱ። በዚያ ሰሞን ሱቃቸው የገባ ደንበኛ ከመክሳታቸው የተነሣ ሳያውቃቸው ራሳቸውን «እትዬ አስካለ የሉም?» እያለ ይጠይቃቸው ነበር። ከዚያ ክብደቱ ቀስ እያለ ተመለሰ። በአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ አንዲት ጎረቤት፣ «እትዬ፣ ህንድ ድረስ ሄደው የጣሉትን ቦንጋ ላይ አገኙት አሉ» አለቻቸው። ሴቶቹ ሳቁ። እርሳቸውም አብረው ሳቁና፣ «ምን ላድርግ ልጄ፣ የእኔ ዕቃ ባለቤቱን አይስትም» አሉ። በማግስቱ ግን ቢሮዬ መጥተው «በሬዲዮ ልናገር፤ በስሜ» አሉኝ።

በቃለ መጠይቁ መልሰው የወፈሩበትን አንድ ምክንያት እንዲሰጡኝ ወተወትኳቸው።

«አንድ ብቻ የለኝም» አሉ። «ሆዴ ከጠበበ በኋላ እንጀራውም ቆጮውም አልወርድ አለኝ፤ የማር ብርዝ ግን ይወርዳል። በእኛ አገር ብርዝ እንደ ውኃ ነው፤ ያወፍራል ብዬ መቼ አሰብኩ? ባለቤቴ ሲሞት ደግሞ ሳይጠማኝ ጠጣሁ። አንዱን ብቻ ብትጽፍ ግን ዋሽተሃል።»

ሐኪሙን አልወቀሱም፤ ራሳቸውንም አልረገሙም።

ሰው ያየው ሌላ ነበር። ከዞኑ ሩቅ ከተሞች፣ ከደካና ከቢታ ገነት፣ ለትምህርት የመጡ ልጆች ግቢያቸው ውስጥ ተከራይተው ይኖራሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁሉንም በአንድ ትሪ ያበሏቸው ነበር። ትልቅ ሰው እጁን ከሰበሰበ ልጆቹ አፍረው ሳይጠግቡ ይነሣሉ። ስለዚህ እትዬ አስካለ አንዲቷን ቁራሽ እየቆራረሱ፣ ወጡን እየነካኩ፣ ልጆቹ እስኪጨርሱ እጃቸውን ከትሪው አያነሡም ነበር። በደጅ የሚያልፈው «ይኸው፣ አሁንም ይበላሉ» ይላል። «እንደማይበሉ ለምን ለሰዉ አይነግሩም?» አልኳቸው። «ከነገርኳቸው ልጆቹ ይሰማሉ፤ ከዚያ ማን ይበላል?» አሉኝ።

ቃለ መጠይቁ ከተላለፈ በኋላ አንዲት መምህርት በጓሮ በር ቤታቸው ገባች። እርሷም አዲስ አበባ ተመሳሳይ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት መልሳ ወፍራለች፤ ይህንንም በቦንጋ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከኀፍረት የተነሣ የሕክምና ክትትሏን አቋርጣለች። «በዚህ ሰውነት ሐኪም ፊት እንዴት ልቁም?» አለቻቸው። «እኔ አስቀድሜ እገባለሁ። ከእኔ ኋላ ሆነሽ ማን ያይሻል?» አሏት። ማክሰኞ ወደ ጅማ የተጓዙት ከእርሷ ጋር ሐኪም ዘንድ ለመግባት ነበር።

መምህርቷ ክንዷ ተሰብሮ ተረፈች። በልቅሶው ድንኳን አንድ ሰውዬ ያንኑ ወሬ ሲያነሣ ክንዷ በጀሶ እንደታሰረ ተነሥታ ቆመች።

«እኔም ያን ቀዶ ጥገና ተሠርቻለሁ» አለች። «እኔም መልሼ ወፍሬአለሁ። ጎናቸው ተቀምጬ ነበር፤ የገደላቸው መኪና ነው።»

ሰውዬው ባርኔጣውን አውልቆ አቀረቀረ። አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ቦታ ለቀቁላት።

እትዬ አስካለ፣ ዛሬም ስለ እርስዎ «ናቸው» ብዬ ጽፌ፣ ሰርዤ «ነበሩ» እላለሁ። መምህርቷ ክንዷ ሲድን ሐኪሙ ዘንድ ብቻዋን እንደምትሄድ ነግራኛለች። ይህን ቢሰሙ ምን ያህል ደስ እንደሚልዎት አውቃለሁ፤ የምነግርዎት ግን በወረቀት ብቻ ሆነ። ደህና ይሁኑ፣ እናቴ።