ያልተቀመሰው ጠጅ

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ እህቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። እሁድ እሁድ በቴሌቪዥን የሚታይ ቲያትር አለ፤ የአንድ ሀብታም ልጆች በአባታቸው ፋብሪካ ሲሻኮቱ ያሳያል። ታላቁ ለታናሹ መጠጥ ቀድቶ ሰጠው፤ ታናሹ ተቀብሎ ጭልጥ አደረገው። እኔ ሳላስበው "ኧረ አስቀምሰው!" ብዬ ጮህኩ። የእህቴ ልጆች እስኪወድቁ ሳቁብኝ። "አክስቴ፣ ቲያትር እኮ ነው!" አሉኝ። እነሱ ቲያትር ያያሉ፣ እኔ ዓለም ከተማ የነበረውን የአማቼን ቤት ነው ያየሁት።

አማቼ፣ የባለቤቴ አባት፣ የታወቁ ነጋዴ ነበሩ። የሞተር ወፍጮ፣ ትልቅ ሱቅና አንድ የጭነት መኪና ነበራቸው። ሱቁን የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ይዘዋል፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ወፍጮውንና መኪናውን ባለቤቴ ያንቀሳቅሳል። እኔ ከመንዝ፣ ከዘመሮ ወዲያ ካለ የገብስ አገር ተድሬ የወረድኩ ነኝ። ሦስት ልጅ ወልጄም ለዚያ ቤት እንግዳ ነበርኩ።

አማቼ እግራቸው አብጦ አልጋ ሲይዙ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። የወፍጮው፣ የሱቁና የመኪናው ቁልፍ በአንድ ጠፍር ታስሮ ከራስጌያቸው ተንጠልጥሏል። ለማን እንደሚሰጡት ትንፍሽ አላሉም። ይኸኔ ነው የጋሼ ሚስት፣ ሦስት ዓመት ደጄን ያልረገጡት እትዬ፣ ቅቤ ይልኩልኝ የጀመሩት። ልጆቼን እየጠሩ ያበላሉ፣ ፀጉራቸውን ይዳብሳሉ። ቅቤውን ራሴን እንኳ አልተቀባሁትም፤ ጓሮ ቀበርኩት። ልጆቹንም ከደጅ እንዳይወጡ ከለከልኩ።

አንድ ቀን ባለቤቴ ከነሱ ቤት ምሳ በልቶ መጣና ሆዱን ይዞ ሦስት ቀን ተኛ።

"ምን አበሉህ?" አልኩት።

"ቁርጥ።"

"ወንድምህስ ከዚያው በሉ?"

"ኧረ ሴትዮ! አፍ አፋቸውን እያየሁ ነው እንዴ የምበላው? ኮሶ ነው፤ ሁለት ወር ሆነኝ ሳልጠጣ።"

ኮሶውን ጠጥቶ ተሻለው። እኔ ግን አልተሻለኝም። በዚያው ሰሞን ጋሼና የአማቼ የነፍስ አባት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ከጥዱ ስር ቆመው ሲንሾካሾኩ አየሁ። ስደርስ ሁለቱም ዝም አሉ። "እንደምን ዋልሽ ልጄ" አሉኝ ቄሱ፣ መስቀሉን ቶሎ ዘርግተው። ተሳለምኩና አለፍኩ። ወደ ኋላ ዞር ስል አሁንም እያዩኝ ነው።

ጥቅምት ላይ አማቼ ሽማግሎች ጠሩ። የነፍስ አባታቸው ባሉበት ቁልፉን ሊሰጡ ነው ተባለ። ከቤታችን ሳንወጣ ባለቤቴን "እትዬ በመዳፋቸው ያልቀመሱትን እንዳትጠጣ" አልኩት። በኛ አገር ጠጅ የሚያሳልፍ ሰው በመዳፉ ጠብ አድርጎ፣ በሰው ፊት ቀምሶ ነው የሚሰጠው። እኔን ያገኘኝ ያግኝህ ማለት ነው። "እሺ፣ እሺ" አለኝና ወፍጮውን ሊያቆም ሄደ።

የመጀመሪያውን ገንቦ ጋሼ ራሳቸው ቀምሰው ለሽማግሎቹ ቀዱ። አማቼ ከታመሙ ወዲህ መጠጥ ትተዋል። ባለቤቴ ዱቄት እንደለበሰ ዘግይቶ ሲገባ ገንቦው አልቋል። እትዬ ወደ ጓዳ ገብተው ሌላ ገንቦ አወጡ። ብርሌ ሞሉና ለባለቤቴ ዘረጉለት። ዓይኔን አልነቀልኩም፤ መዳፋቸው ደረቅ ነው።

"እትዬ፣ ይቅመሱለት እንጂ" አልኩ የሳቅሁ መስዬ።

"ዛሬ አልቀምስም፤ ይጠጣ።"

"ምነው?"

"አልቀምስም አልኩ እኮ!"

አንዱ ሽማግሌ "መንዝ ዘንድሮ ከገብሱ ይልቅ ጥርጣሬው ነው የሰመረለት!" ብለው ቤቱን አሳቁት። ባለቤቴም አብሮ ሳቀና ብርሌውን ወደ አፉ አስጠጋ። ልጆቼ ድቅን አሉብኝ። ተነስቼ እጁን መታሁት፤ ብርሌው ምሰሶው ስር ተከሰከሰ።

"ምን አየሽ?" አሉኝ ጋሼ ፊታቸው ጠቁሮ።

"ያልተቀመሰ ነው።"

"ሚስቴ ወንድሜን ልትገድል ነው? በይ ተናገሪ፣ ሰው ይስማሽ!"

እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እንደቆሙ ቀሩ። ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንግዲህ ልናገር ነው፤ እግዚአብሔር ይፍታኝ። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፣ የያዘውም ያልያዘውም አለ። እሷ እስኪወጣ ድረስ ከቆሎና ከውሃ በቀር ላትቀምስ ተስላለች፤ ለእኚህ ለታመሙት። ለሰው አትንገሪ ያልኳት እኔ ነኝ።"

አማቼ ከአልጋቸው ቀና አሉ። "ቅጅልኝ" አሏቸው እትዬን። እትዬ እያለቀሱ ከዚያው ገንቦ ቀዱላቸው። አማቼ እስከ ታች ጨለጡትና ሪዛቸውን በእጃቸው ጠረጉ።

"ይኸው ጠጣሁ" አሉኝ። "ብሞት እሷ አልገደለችኝም። የገደልሽኝ አንቺ ነሽ።"

ከዚያ ቁልፉን ከራስጌያቸው አወረዱ። "ይኼን ለታናሹ ልሰጥ ነበር፤ ወፍጮዬን እንደ ዓይኑ ጠብቆልኛል" አሉ ወደ ሽማግሎቹ ዞረው። "ግን ታላቁን እንደ ጠላት በሚያይ ቤት እጅ ላይ አልጥለውም።" ሦስቱንም ለጋሼ ሰጡ። ባለቤቴ የአባቱን ጉልበት ስሞ ወጣ። እኔን ቀና ብሎም አላየኝ።

አማቼ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ። ስለቱን አምናለሁ፤ ቄስ በሽማግሌ ፊት አይዋሽም። ግን ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር፣ ጋሼ አጠገባቸው ቆመዋል፤ ለምን አላስቀመሱም? ከጥዱ ስርስ የተንሾካሾኩት ምን ነበር? ቄሱን አንድ ጊዜ ጠየቅኳቸው። "ልጄ፣ የራስሽ ኃጢአት ይብቃሽ" አሉኝ።

እኛ ግን ቁልፉ ለጋሼ በተሰጠ በሳምንቱ ልጆቻችንን ይዘን ወደ መንዝ፣ ወደ አባቴ መሬት ወጣን። አህያዋን ስንጭን እትዬ መጡ። በአገልግል ሙሉ ዳቦ ይዘዋል። "ለልጆቹ ነው" አሉና ፊቴን ሳያዩ ተመለሱ።

ወንዙ ዳር ስናርፍ ልጆቹ ዳቦውን አሸተቱት። አገልግሉን ከፈትኩና ከመሃሉ ቆርሼ ቀድሜ በላሁ። "ቆዩ" አልኳቸው። ምላሴን አዳመጥኩ፣ ሆዴን አዳመጥኩ። ትንሿ ልጄ "እማዬ፣ ብቻሽን ልትበዪው ነው?" ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ባለቤቴ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቃል አላናገረኝም ነበር። ተነስቶ ዳቦውን ከጭኔ ላይ ወሰደ፣ ቆረሰና ራሱ ጎረሰ፤ ቀጥሎም ለሦስቱም አደላቸው።

"ብሉ" አላቸው። "የእናታችሁን ፍርሃት አትብሉ፣ ዳቦውን ብሉ።"

እነሱ በሉ። እኔ ውሃው ዳር ተቀምጬ፣ እስኪጨርሱ ድረስ የያንዳንዳቸውን ፊት ሳይ ቆየሁ።