ኋላ ማርሽ የማያውቀው ኔቪል ጋሪቲ

ኔቪል ጋሪቲ ወደ ቤታችን ሲመጣ መጀመሪያ የሚገባው ድምፁ ነበር። በሩ ሳይከፈት «እዚህ ቤት ያለው ሰው ነው ወይስ ሬሳ?» ይላል፤ ቀጥሎ ሆዱ ይገባል፤ ከሆዱ ኋላ ራሱ ኔቪል። እኔም ሁለት የሥጋ ፓይ፣ ሥጋ የታጨቀበት ሊጥ፣ ወደ ምድጃው እወረውርለታለሁ። ፓይው የትናንት መሆኑን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በልቶት አልሞተም፤ እኔም ይህን እንደ ምስጋና ቆጥሬዋለሁ።

ቤታችን ኩርላ ወንዝ ይባላል። ወንዝ የለውም፤ ስሙ ብቻ ነው የሚፈሰው። ነዳጅ እንሸጣለን፣ ምግብ እናቀርባለን፣ ከኋላ አልጋም አለን። በምሥራቅም ሆነ በምዕራብ የግማሽ ቀን መንገድ ብትነዱ ከቀይ አፈርና ከሞተ ካንጋሮ በቀር የምታገኙት የለም። ስለዚህ በዚያ አስፋልት ላይ ማን ምን እንዳለ፣ ማን ማንን እንደሰደበ እኛ ጆሮ ሳይደርስ አይቀርም። የመኪኖቹ መገናኛ ሬድዮ ማብሰያ ክፍሌ ውስጥ ቀኑን ሙሉ እንደ ጎረቤት ያወራል።

ኔቪል የሚነዳው ባለ ሦስት ተሳቢ ነው፤ እኛ የመንገድ ባቡር የምንለውን። ከዳርዊን ቢራ ያወርዳል፣ ከማውንት አይሳ ሲሚንቶ ይመልሳል። ሲነዳ ጥሩ ነው፤ ይህን አልክድም። ሲያወራ ግን ከሚነዳው በላይ ይጭናል። ዋነኛው ኩራቱ ደግሞ ኋላ ማርሽ ነበር።

«በሕይወቴ ኋላ ማርሽ አስገብቼ አላውቅም» ይላል ፓይውን እየገመጠ። «ወደ ኋላ የሚሄድ ፈሪ ብቻ ነው።»

እውነቱን ለመናገር፣ ሦስት ተሳቢ ወደ ኋላ መግፋት በእርጥብ ገመድ በር እንደ ማንኳኳት ነው። የሚችለው ከስንት አንድ ነው። ግቢያችን እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ተንጣሎ የተሠራውም እነዚህ መኪኖች ዞረው እንዲወጡ ነው። ኔቪል ግን ያልቻለውን ነገር እንዳልፈለገው አድርጎ ያወራ ነበር። ላም «ጨዋ ስለሆንኩ አልበርም» ብትል ማለት ነው።

ሌላው ነገሩ ጡረተኞች ላይ ያለው ጥላቻ ነው። በደቡብ ብርድ ሲገባ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ጎማ ያለው ቤት በትንሽ መኪና እየጎተቱ ወደ እኛ ሙቀት ይመጣሉ። ቀስ ብለው ይነዳሉ፤ ወፍ ባዩ ቁጥር ይቆማሉ። ኔቪል «ቀንድ አውጣ» ይላቸዋል። አንድ ጊዜ ከፊቱ የነበረውን ሽማግሌ በሬድዮ «አባባ! ቤትህን ተሸክመህ ከምትሳብ ከመንገዱ ውጣና ሣር ጋጥ!» ብሎ፣ ክላክሱን እየነፋ ከአስፋልት አስወጣው። ሰውዬውና ሚስቱ በኋላ እኛ ቤት ደረሱ። ሴትዮዋ ሻይዋ ውስጥ አለቀሰች። ኔቪል ሁለት ጠረጴዛ ወዲያ ሆኖ ሁለተኛ ፓይውን ይበላ ነበር።

ሬይሊን የምትባል ከብት ጫኝ ሾፌር በዚያን ቀን እዚያው ነበረች። ቀጭን ናት፤ ንግግሯም አጭር ነው።

«ኔቪል» አለችው፣ «አንድ ቀን አንተም ታረጃለህኮ።»

«አረጃለሁ፤ ግን የምሞተው መሪ ላይ ነው። አንቺ ይልቅ ተሳቢሽን ቀጥ አድርገሽ መንዳት ተማሪ። ከኋላሽ ስመጣ የሚነዱት ላሞቹ ይመስሉኛል።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ኔቪል ሲቀልድ ሰው ይስቃል፤ ካልሳቀ ተረኛው እሱ ነውና።

ኔቪል መሪ ላይ አልሞተም። መሪውን ያስጣለው የዓይን ሐኪም ነው። ሐኪሙ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ፊደል አንብብ ሲለው «ግድግዳው የቱ ነው?» አለ ብላ ያወራችልኝ ሚስቱ ግሌኒስ ናት። መነጽር ተሰጠውና ትንሽ መኪና መንዳት ተፈቀደለት፤ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃዱ ግን ተወሰደ። ኔቪል ጥፋቱን በሐኪሙ ላይ አላከከ፣ ቀጥሎ በመንግሥት፣ ቀጥሎ በፊደሉ። የስንብቱ ቀን ፓይ ላይ ሻማ ተክዬ ሰጠሁት። እፍ ሲል ሻማውን ስቶ ጨው መያዣውን ጣለ።

እንግዲህ ወደ ቤቱ ገባ። ግሌኒስ በሠላሳ ዓመት ትዳሯ ያወቀችው በወር ጥቂት ቀን ብቅ ብሎ ልብስ አሳጥቦ የሚሄድ እንግዳ ነው። አሁን እንግዳው አልወጣ አለ። የቅመም ብልቃጦቿን በቁመታቸው ደረደራቸው። ራሷ ተክላ ራሷ የገጠመችውን የግቢ በር እንዴት እንደሚዘጋ አስተማራት። ዶሮዎቹ ሳይቀሩ በሰዓታቸው ካልጮኹ ይቆጣቸው ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ግን ኔቪል ከእንቅልፉ ተነስቶ ወደ ግቢው ሲወጣ፣ ከመኪናቸው ኋላ ጎማ ያለው ነጭ ቤት ቆሞ አገኘ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ቤት ነው፤ የሚሄድ ቤት።»

«ቀንድ አውጣ!»

«አዎ። ቀንዱን አንተ ታወጣለህ፤ የቀረውን እኔ እችለዋለሁ።»

«ግሌኒስ፣ ሰው ምን ይለኛል?»

«ሠላሳ ዓመት አንተ አገር አየህ፣ እኔ ገመድ ላይ የተሰጣ ሱሪህን አየሁ። አሁን ተራዬ ነው። ትመጣለህ ወይስ ዶሮዎቹን ትጠብቃለህ?»

ዶሮዎቹም ሰልችተውት ነበርና መጣ። ነገር ግን መሪውን ካልያዝኩ አለ። ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ ማንም እንዳያውቀው አንገቱን ቀብሮ ተነሳ። የሚያሳዝነው ግን አገሩ ያለው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ መንገዱም በእኛ በር ያልፋል።

በዚያን ቀን ነፋሱ ከፊት ለፊት ነበር። ትንሿ መኪና ያንን ነጭ ቤት እየጎተተች ታቃስታለች፤ ሙቀት የሚያሳየው ቀስት ወደ ቀዩ ተጠግቷል። ግሌኒስ «ቀስ በል፣ ሞተሩን ታቃጥለዋለህ» ትላለች። ኔቪል ቀስ አለ። ከዚያ በስፖኪዮው ውስጥ አንድ የመንገድ ባቡር እንደ ደመና እየገዘፈ መጣ። ሬድዮው ተንኮሻኮሸ፤ እኔም ማብሰያ ክፍሌ ውስጥ ሽንኩርት እየጠበስኩ ሰማሁት።

«ከፊቴ ያለኸው ባለ ነጭ ቤት» አለች ሬይሊን፣ «አባባ፣ እየነዳህ ነው ወይስ አርፈህ ነው?»

ግሌኒስ ኋላ እንደነገረችኝ ኔቪል የመኪናው ወለል ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረውም። «መልስላት እንጂ» አለችው፤ «ይሄ ያንተ ቋንቋ አይደለም እንዴ?»

ኔቪል ድምፁን አቅጥኖ፣ ታማ የዳነች አክስት መስሎ፣ «ይቅርታ ልጄ፣ ሞተሩ ሞቆብኝ ነው» አለ።

ድምፁን ግን መንገዱ ሁሉ ያውቀዋል።

«ኔቪል?» አለች ሬይሊን።

ኔቪል ባርኔጣውን ይበልጥ ደፋ።

«ኔቪል ጋሪቲ! አንተ ነህ?»

«አይደለሁም» አለ ኔቪል።

ሽንኩርቴ አረረ። በሬድዮው የሚሰማው ሳቅ ብቻ ሆነ፤ አንዱ እንደ በግ ይጮሃል፣ አንዱ «ሣሩ ጣፋጭ ነው?» ይላል። እነዚህ ሁሉ ትናንት እሱ ሲሰድብ የሚስቁለት ናቸው። ሰው ሲወድቅ ዙሪያውን ከበው የሚያጨበጭቡት ሲቆም ያጨበጨቡለት ናቸው።

ሬይሊን ብቻ አልሳቀችም። «አይዞህ፣ ቀስ ብለህ ሂድ» አለችው። «ላሞቼ አይቸኩሉም፤ የሚሄዱት ቄራ ነው።»

መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ብትፈልግ አሥር ጊዜ ታልፈው ነበር። አላለፈችውም። እንደ ቀብር ሸኚ ቀስ ብላ እየተከተለች እስከ ግቢያችን አደረሰችው። ክላክስ እንኳ አልነፋችም። ስድብ ቢሆን ኔቪል ይችለው ነበር፤ ያቃጠለው ትዕግስቷ ነው።

ሲደርሱ ትንሿ መኪና እንደ ጀበና እየፈላች ነበር። ነዳጅ ቀድቶ ሊሾልክ አስቦ የነበረው ኔቪል ማደር ግዴታው ሆነ። ማደሪያው ደግሞ ከቤታችን ኋላ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ነው። ቦታዎቹ ጠባብ ናቸው፤ ወደ ኋላ ተገፍቶ ካልሆነ አይገባባቸውም።

ጡረተኞች ካላቸው መዝናኛ ሁሉ የሚበልጠው ሌላው ጡረተኛ ቤቱን ሲያቆም ማየት ነው። ታጣፊ ወንበራቸውን አዙረው ተቀመጡ። አንዳንዱ ቢራውን ይዞ መጣ። ከአደሌይድ የመጣ ኦስዋልድ የሚባል ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም ሳይጠሩት ከኋላ ቆሞ «ግራ! ግራ! ኧረ ሌላኛው ግራ!» እያለ እጁን ያወናጭፋል። ኔቪል ኋላ ማርሽ አስገባ። መሪውን ወደ ግራ ሲያዞር ቤቱ ወደ ቀኝ ሄደ። ወደ ቀኝ ሲያዞር ቤቱ እንደ ሰንጢ ታጠፈ። ወጣና እንደገና ገባ። የአንዲት ሴትዮን የፕላስቲክ ጠረጴዛ ሰበረ። ወጣ። ሲመለስ የውኃ ቧንቧችንን ገጨና ውኃው ወደ ሰማይ ተስፈነጠረ። ኦስዋልድ እስከ ካልሲው በሰበሰ፤ ግን «ግራ!» ማለቱን አልተወም።

ሬይሊን ሻይዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። አልሳቀችም ብዬ ልምልላት አልችልም፤ ኩባያው አፏ ላይ ነበር፣ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

በመጨረሻ ግሌኒስ መጥታ መስኮቱን አንኳኳች።

«ውረድ።»

«ትንሽ ነው የቀረኝ።»

«የቀረህ ሽንት ቤቱን መግጨት ነው። ውረድ አልኩህ።»

ወረደ። ግሌኒስ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበች፣ ስፖኪዮውን አስተካከለች፣ አንድ ጊዜ ወደ ፊት ወጣች፣ ከዚያ ቤቱን እንደ መሳቢያ ዘግታ ቦታው ላይ አስገባችው። ኔቪል ክፍለ አገር ለክፍለ አገር ሲዞር እሷ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ከነፈረሶቻቸው እየጎተተች ለግልቢያ ውድድር ስታመላልስ ኖራለችና፣ ወደ ኋላ መግፋት ለእሷ ሰሃን እንደ ማጠብ ነው። ወንበሩ ሁሉ አጨበጨበ። «ማናት?» ተባለ። እኔም ስሟን ለሰው መንገር የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። ኩርላ ወንዝ ሠላሳ ዓመት ስለ ኔቪል ሲያወራ፣ ኔቪል ሚስት እንዳለው የሚያውቅ እንኳ ጥቂት ነበር።

ማታ ወደ እራት አልመጣም። ባዶ የጋዝ ሲሊንደሮች ከምናስቀምጥበት ከማብሰያው ኋላ፣ የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጓል። መላጣውን ያየሁት ያኔ ነው፤ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው እውነት ነው።

«ፓይ አለ?» አለኝ።

«የትናንት ነው።»

«ይሁን፣ ስጪኝ።»

እየበላ ቆየና፣ «ያቺ ሻይዋ ውስጥ ያለቀሰችው ሴትዮ፣ ስሟ ማን ነበር?» አለ።

«ማንም አልጠየቃትም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ኔቪል ለአንድ ቀን ይህን ያህል ማሰቡም ብዙ ነው። ሲነሳ ሳህኑን ራሱ ወደ ማጠቢያው ወሰደ። ማጠቢያው የት እንደሆነ ግን መጠየቅ ነበረበት።

በማግስቱ ጠዋት መኪናዋ ስትበርድ መሪውን ግሌኒስ ያዘች። እሱ ጋቢና ገባ። ግሌኒስ በየጉብታው ትቆማለች፣ ወፍ ታያለች፣ ሻይ ታፈላለች። ሁለተኛው ቀን ላይ ኔቪል በመስኮቱ እያየ «ያ ተራራ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚያ ያለው?» ብሎ ጠየቃት። ሠላሳ ዓመት በሥሩ አልፏል። ግሌኒስ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት መኪናዋን ዳር አስይዛ አቆመች።

ሬይሊን ከጥቂት ወራት በኋላ ከብት ልትጭን ወደ ካሩምባ ወርዳ ባሕሩ ዳር አገኘቻቸው። ግሌኒስ ከሌሎች ሴቶች ጋር በትንሽ ጀልባ ዓሣ ልታጠምድ ሄዳለች። ኔቪል በፀሐይ የነጣ ቁምጣ ለብሶ፣ መንጠቆውን ይዞ፣ ማጥመጃ ሥጋውን ከሚሰርቀው ፔሊካን ከሚባል ትልቅ የባሕር ወፍ ጋር ይሰዳደባል።

«አሸነፍከው?» አለችው።

«ጠዋት እኔ፣ ከሰዓት እሱ።» ቀና ብሎ አያትና ጉሮሮውን ጠረገ። «ሬይሊን፣ ያን ጊዜ ስለ ላሞቹ ያልኩሽ ነገር…»

«የትኛው? ብዙ ነው ያልከኝ።»

«እንግዲህ ለሁሉም ይቅርታ ብለሽ ቁጠሪው» አለና፣ ለእራት እንድትቀመጥ ለመናት። የሚያበስለው እሱ እንደሆነም በኩራት ነገራት።

«ዓሣው ጥሬ ነበር» አለችኝ ሬይሊን፣ ባንኮኒዬ ላይ ተደግፋ። «አፌ ውስጥ ሊዋኝ ምንም አልቀረውም። ግሌኒስ ግን በጠረጴዛው ሥር እግሬን ስትረግጠኝ ዋጥኩት።»