ጣሪያውን የሚያዳምጠው ሰው

ጋሽ ጆሮ ነበር የምንለው። ድማሚቱ ፈንድቶ ጭሱ ሲለቅ ማዕድን ጉድጓዱ ውስጥ ቀድሞ የሚገባው እሱ ነው። ጣሪያውን በዲጂኖ መታ መታ ያደርግና ያዳምጣል። ጤነኛ ድንጋይ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ የላላው ግን እንደ ባዶ በርሜል ድው ይላል። ከዚያ ዞሮ «ግቡ» ካለ እንገባለን። ካላለ ፎርማኑ ጉሮሮው እስኪነቃ ቢጮህ ንቅንቅ አንልም።

ከምድረ በዳው ሥር ያለው የኖራ ድንጋይ ስንጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ማዕድኑም የተቀመጠው ስንጥቁ ውስጥ ነው። አንዳንድ ቦታ ከመዳፍ አይሰፋም፤ አንዳንድ ቦታ ሳሎን ያህላል። ግራጫ ሆኖ የሚያብረቀርቀው እርሳስ፣ ቡናማው ዚንክ ነው። ባለቤቶቹን ያሳበዳቸው ብር ግን እርሳሱ ውስጥ ተደብቋል፣ ለዓይን አይታይም። አሥራ አንድ ዓመት ስቆፍር አንድም ቀን አላየሁት።

ጋሽ ጆሮ ወደዚህ ሥራ ከመዛወሩ በፊት ሃያ ዓመት መሰርሰሪያ ይዟል። ያ ማሽን ጆሮውን ቀስ በቀስ በላው። ያወቅሁት ቤቱ ምሳ የጋበዘኝ ቀን ነው። ሚስቱ ልትጠራው ስትፈልግ አፏን አልከፈተችም፤ ወለሉን በእግሯ መታች፣ እሱም ዞረ። ማየቴን አየች። ስትሸኘኝ በሩ ላይ ክንዴን ያዘችኝ።

«ወንድሜ፣ አደራህን። ከሥራ ያስወጡታል።»

«ምኑን?» አልኳት፣ ምንም እንዳላየ ሰው።

ከዚያ በኋላ እጁን እከታተል ጀመር። በቀኙ ሲመታ ግራ መዳፉን ጣሪያው ላይ ይለጥፋል፤ የሚሰማው በንዝረቱ ነበር፤ የሰውን ንግግር ደግሞ ከከንፈር ያነብባል። ጓደኞቻችን «ድንጋዩን ያባብለዋል» እያሉ ይስቁ ነበር። እኔ ዝም አልኩ። እሱ ቢወጣ ፎርማኑ የሚተካው ጆሮ ያለው አጎብዳጅ ነው፤ ከዚያስ ደንቆሮ ሆኖ ሐቀኛ የሆነ ይሻለኛል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ዛሬ ይህን ሳስብ ራሴን እጠላዋለሁ።

የጉድጓዱ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ግን መዳፍ ጣሪያው ላይ አይደርስም። ፎርማኑ የወለሉን ማዕድን ሳይቀር ስላስወጣው ጣሪያው የሁለት ሰው ቁመት ርቆ ነበር። ጋሽ ጆሮ መግቢያው ላይ ቆሞ ረጅሙን ዲጂኖ ሰቅሎ መታ። ድው አለ። ሰማሁ። አጠገቤ የቆመው፣ ከእኛ ጋር የሚሠራው የጋሽ ጆሮ ታናሽ ወንድምም ሰማና ተያየን።

ጋሽ ጆሮ ዞረ። «ግቡ» አለ።

«ድው አላለም?» አልኩት ወንድሙን ቀስ ብዬ።

«እኔም መስሎኝ ነበር። ግን እሱ ካለ አለቀ» ብሎ መሰርሰሪያውን ተሸክሞ ገባ። እኔ የጫማዬን ማሰሪያ ላጠብቅ ብዬ ጎንበስ አልኩ። ማሰሪያው አልላላም ነበር።

ጋሽ ጆሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ የደህና ምልክቱን በጠመኔ ይጽፍ ነበር። ጣሪያው ከኋላው ሲወርድ በድምፁ አልዞረም። የዞረው መሬቱ እግሩን ሲመታው ነው፤ ፊቱም የተጠራ ሰው ፊት ነበር።

ፎርማኑ እየሮጠ መጣ። ጋሽ ጆሮ ወንድሙን ፍለጋ ሁላችንንም አንድ በአንድ አየና ዓይኑ እኔ ላይ ቆመ። ለአቧራው ብዬ አፌን በጨርቅ ሸፍኜ ነበር።

«ወንድምህ ገብቷል» አልኩት።

ዓይኑ ጨርቁ ላይ ተተከለ።

«አልሰማም» አለ፣ ፎርማኑም ሰው ሁሉም እያለ። «ጨርቁን አውርድና ንገረኝ።»

እጄ እምቢ አለኝ።