ሥሯ ሳይደርስ የተቆረጠች ኦርኪድ

ጉዲቱ አበባ ለምና አታውቅም። አዳማ ውስጥ እሷ ባደገችበት ሰፈር አበባ አይለመንም። ጎረቤት ልትጠይቅ የገባች ሴት ስትወጣ ከደጁ አንድ ዘለላ ቀንጠብ አድርጋ ትሄዳለች፤ የቤቱ እመቤትም አይታ እንዳላየች ትሆናለች። የጉዲቱ ግቢ የሞላው እንዲህ ነው። በቀለም ቆርቆሮው፣ አንገቱ በተቆረጠው ቢጫ ጀሪካን ሁሉ ውስጥ የሰው ደጅ አብቧል። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች የምትኖር ሴት ናት፤ የሰካችው ይጸድቅላታል።

ማዶ የሚኖሩት ባልቴት አዴ ሻሼ፣ ባቱ ያለችው ልጃቸው ኦብሴ ስትወልድ አራስ ሊያርሱ ሲሄዱ ኦርኪድ አበባቸውን ለእሷ አደራ የሰጡት ለዚህ ነበር። ኦርኪዱን ኦብሴ ያመጣችላቸው ባላቸው የሞቱ ሰሞን፣ የሚንከባከቡት ነገር እንዳያጡ ብላ ነው። አሁን አበባው ረግፎ፣ በቀረው ዘንግ ላይ ሁለት ቅጠል ያላት ትንሽዬ ተክል በቅላ ነበር።

«ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ይቺን ሕፃን እንዳትነኪብኝ» አሉ አዴ ሻሼ። «ሥሯ ጣት እስኪያህል ከእናቷ ላይ ትቆይ። አፈር የሚባልም አታሳዪያቸው፤ ኑሯቸው የዛፍ ቅርፊት ውስጥ ነው። ውሃውን አጠጥተሽ ጥሩ አድርገሽ አንጠፍጥፊው።»

«እሺ አዴ፣ አያስቡ» አለች ጉዲቱ። በግማሽ ጆሮ ነበር የሰማችው። አፈር የማይፈልግ አበባ አለ ቢሏትም አላመነችም።

እናትየዋን እንደታዘዘችው ተንከባከበቻት፤ ሐሰት አልናገርም። ዓይኗ ግን ከትንሿ ላይ አልነሳ አለ። እጇ ቀደማት ብዬ ባልፍላት ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ሰንብታ፣ አስባበት ነው ያደረገችው። አንድ ጠዋት በክር መቁረጫ መቀሷ ቀጨም አደረገቻት። ፍግ በተቀላቀለ ጥቁር አፈር ቆርቆሮ ሞልታ ተከለቻትና ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ሸሸገቻት። ያንን ሁሉ አበባ በይፋ የቀነጠበች ሴት መደበቅ ያስፈለጋት ለምን ይሆን? ልቧ ያውቀው ነበር።

አዴ ሻሼ ከባቱ ደወሉ። የልጅ ልጃቸውን ወሬ ካወሩ በኋላ፣ «ትንሿስ?» አሉ።

«ሻምበል ዘሎ ሰበራት፣ አዴ።»

ሻምበል አብሮ አደራ የተሰጣት የአዴ ሻሼ ድመት ነው። በዚያ ሰዓት ጣሪያ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር።

አዴ ሻሼ ሲመለሱ የተቆረጠውን ዘንግ ደጋግመው ዳሰሱት። ጉዲቱ አጠገባቸው ቁጭ ብላ፣ «እናትየዋ መትረፏም ተመስገን ነው፤ ሌላ ትወልዳለች» እያለች አጽናናቻቸው።

«ላንቺ ነበር እኮ ያሰብኳት» አሉ። «ሥር ስታወጣ ላስደንቅሽ ብዬ ነው እንጂ።»

በሳምንቱ፣ እናትየዋንም እንዳይሰብር ብለው፣ ሻምበልን ጆንያ ውስጥ ከተው ወለንጪቲ እህል መጋዘን ላለው ለወንድማቸው ልጅ ለጉርሜሳ ላኩት። ድመቱን አቅፈው ሲያስገቡ የጆንያውን አፍ የያዘችላቸው ጉዲቱ ናት። ሻምበል እስከ ሚኒባሱ ድረስ ጮኸ። እሑድም በእናቶች ጸሎት ላይ አዴ ሻሼ ተነስተው እንደ ጉዲቱ ያለች ጎረቤት ስለሰጣቸው ጌታን አመሰገኑ። ሁሉም አሜን አለ፤ ጉዲቱ ግን ነጠላዋን አስተካከለች።

ከማጠቢያው ጀርባ ደግሞ ትንሿ ተክል ቢጫ ሆነች። ጉዲቱ ፍግ ጨመረች፣ ውሃ ጨመረች፣ ባሰባት። ነቅላ ብታያት ግርጌዋ ቡናማ ሆኖ መላሸቅ ጀምሯል። ጥላት ብትገባ ማንም አያውቅም፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ማዳን የሚችሉት ግን አንድ ሰው ብቻ ናቸው፣ የተሰረቁት አዴ ሻሼ ራሳቸው። ያን ቀን አንድም ኮሌታ አልሰፋችም። በመጨረሻ ቆርቆሮውን አንስታ መንገዱን ተሻገረች።

አዴ ሻሼ በራቸው ላይ ቆመው ቆርቆሮውን አዩ፣ ከዚያ እሷን።

«የኔዋ ናት።»

«አዎ፣ አዴ።»

«ሻምበል አይደለም የሰበራት።»

«እኔ ነኝ የቆረጥኳት። ይቅር ይበሉኝ።»

ቆርቆሮውን ተቀብለው ትንሿን ነቀሏት። አፈሩን አጠቡላት፣ የበሰበሰውን ቆርጠው ጣሉ፣ ቁስሏ ላይ የተፈጨ ቀረፋ ነሰነሱ። እርጥብ ቅርፊት ውስጥ አስቀምጠው በተቆረጠ ሃይላንድ ከደኗት። እጃቸውን ሲያደርቁ ነው የተናገሩት።

«አበባው ምንም አይደለም፤ ሰው ይጓጓል። እኔ ሳዝን ግን አጠገቤ ቁጭ ብለሽ አጽናናሽኝ።» ከዚያም፣ «ነጠላዬን አቀብይኝ፤ ወለንጪቲ እንሄዳለን» አሉ።

ጉርሜሳ ሲያያቸው ደነገጠ። ጆንያው የተፈታ ዕለት ሻምበል አጥሩን ዘሎ ወደ አስፋልቱ እንደሮጠ፣ ከዚያ ወዲህ ያየው እንደሌለ ተናገረ። አዴ ሻሼ በመጋዘኑ ዙሪያ፣ በየጓሮው «ሻምበል! ሻምበል!» እያሉ ዞሩ። ባለሱቆቹ ወታደር የጠፋባቸው መስሏቸው ሳቁ። ጉዲቱም ከኋላ ከኋላቸው ትጣራ ነበር፤ ድመቱ ግን አልተገኘም።

ትንሿ ኦርኪድ ዳነች። አረንጓዴ ሥር ስታወጣ አዴ ሻሼ በእጃቸው ይዘው መጥተው የጉዲቱ መስኮት ላይ አስቀመጡላት። ቂም የለባቸውም፤ ሰላምታቸውም እንደ ድሮው ነው። ጉዲቱን የሚያቃጥላት ይሄው ነው፣ ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ልብስ ሊለኩ የሚመጡ ሴቶች ተክሏን አይተው እጅሽ ይባረክ ሲሏት ወደ ስፌቷ ታቀረቅራለች።

አመሻሽ ላይ ከማሽኗ ቀና ስትል፣ ከኦርኪዷ ቅጠል ባሻገር የአዴ ሻሼ ቤት ይታያታል። አዴ ሻሼ በራቸውን ገርበብ አድርገው ይተዉታል። ሻምበል የመጣ እንደሆነ ብለው ነው።