ማግኔት ያልያዘው ኮርቬት

ያን ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ስወጣ የፍሪጃችን በር ላይ የተለጠፈችውን የሸርጣን ማግኔት ነቅዬ ኪሴ ከተትኳት። የዕለቱ ሞኝነቴ ይኸው ነው፤ የቀረው ሁሉ ከሷ የመጣ ነው።

ወዳጄ ኮርቬት የሚባለውን የስፖርት መኪና ሊገዛ ነበር። እኔና እሱ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ፓርኪንግ ጋራዥ ብዙ ዓመት አብረን ሠርተናል። ኮርቬት የመጣ እንደሆነ ቁልፉን ማንም አይቀድመውም ነበር። ሁለተኛ ፎቅ አቁሞት ሲመለስ ሙሽራ አጅቦ የመጣ ይመስል ነበር። ጡረታ ሲወጣ ሚስቱ ከስንት ጭቅጭቅ በኋላ ፈቀደችለት፤ «ዛሬ ይዘኸው ካልገባህ ግን ገንዘቡ ለኩሽናው ነው» ብላ።

እኔ የሄድኩት አጣሪ ሆኜ ነው። ሻጯ ስልቨር ስፕሪንግ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት አሜሪካዊት አሮጊት ናት። በስልክ የጠራችው ዋጋ አልተዋጠልኝም። ርካሽ ነገር ሲገጥመኝ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ውድ ሲሆን ደግሞ እናደዳለሁ እንጂ እተኛለሁ።

መንገድ ላይ «እዚያ ስንደርስ ትንፍሽ እንዳትል» አልኩት። «ፊትህን አይታ ዋጋ ትጨምርብሃለች።»

«እሺ ጌታው። ብቻ ስለ መኪናው አንድ ነገር ልንገርህ…»

«ዝም በል አልኩህ እኮ።»



ሴትዮዋ የቤቷን ጋራዥ ከፈተች። መኪናው ነጭ ነው። ንጽሕናው ራሱ አጠራጠረኝ፤ እንዲህ የሚሽሞነሞነው የተጋጨ መኪና ነው።

«ባሌ ነጭ የመረጠው የመጀመሪያዎቹ ኮርቬቶች በሙሉ ነጭ ስለነበሩ ነው» አለች። «ውስጣቸው ቀይ፣ በእጅ የተገጣጠሙ።»

ፋብሪካ ያለው ሰው ባንድ ቀለም ብቻ ይነግዳል? አንድ ውሸት፣ አልኩ በሆዴ።

«ባሌ የ1983ቱን ሞዴል ሊገዛ ሄዶ አልተገኘም። አዲሱ ቅርጽ አልደረሰ ኖሮ፣ የዚያ ዓመት ኮርቬት የሚባል አንድም አልተሸጠም። ቀጣዩን ጠበቀ፤ ይኸው እሱ ነው።»

እኛ ጳጉሜን እንኳ ሳንዘል እነሱ ዓመት ዘለሉ! ሁለት።

«አጋጭቶት ያውቃል?» አልኳት።

«ኧረ ጭረት አይወድም ነበር» ብላ ታይትሉን፣ የባለቤትነት ወረቀቱን፣ ልታመጣ ገባች።

ሸርጣኗን አወጣሁ። አገር ቤት መኪና ስንገዛ ማግኔት ሳንይዝ አንሄድም ነበር፤ ተጋጭቶ በስቱኮ የተሞላ ቦታ ማግኔት አይዝም። በሩ ላይ ባስጠጋት ተንሸራታ ወደቀች። ፓራፋንጎው ላይ፣ ወደቀች። ኮፈኑ ላይም እንዲሁ። ወዳጄ ከኋላዬ ያስላል፤ በእጄ ዝም አሰኘሁት።

ሴትዮዋ ስትመለስ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ «ማዳም፣ ይህ መኪና ከጫፍ እስከ ጫፍ ስቱኮ ነው» አልኳት።

ወረቀቷን አጠፈች። «ከሰዓት ሌላ ገዢ ይመጣል። ደህና ዋሉ።»

«አንተ ሰውዬ» አለ ወዳጄ በአማርኛ፣ «ኮርቬት ከተፈጠረ ጀምሮ ገላው ፋይበርግላስ እንጂ ብረት አይደለም፤ የነገረችህም ሁሉ እውነት ነው። ማግኔት ምን ሊይዝ ነው?»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ዝም በል አልከኛ።»

ከዚያ ወደሷ ዞረና በእንግሊዝኛ «ያረጀሁት የሰው ኮርቬት ሳቆም ነው» አላት። «ከጋራዥ በር አውጥቼ ግን ነድቼ አላውቅም።»

ሴትዮዋ እሱን አየች፤ እጄ ላይ ያለችውን ሸርጣን አየች። ጎንበስ ብላ በሩ ላይ ሸርጣኗ ስትንሸራተት የጫረችውን ቀጭን መስመር በጣቷ ዳሰሰች።

«ላንተ እሸጥልሃለሁ» አለችው። ከመደርደሪያ አንድ ቢጫ ጨርቅ አውርዳ ለኔ ሰጠችኝ። «አንተ ግን አንድ ቀን ታጥበዋለህ። ባሌ እንደሚያጥበው፣ በእጅህ።»

እሺ ብዬ ጨርቁን ተቀበልኳት።

ይህ ከሆነ ዓመታት አለፉ። ሸርጣኗ ወደ ፍሪጇ ተመልሳለች። ወዳጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ከስፕሪንግፊልድ እየነዳ መጥቶ ደጄ ይቆማል፤ እነዚያን የሚከደኑ የፊት መብራቶች ብቅ ጥልቅ ያደርግብኛል። ባለቤቴ «ሊጠይቅህ መጣ» ትላለች። እኔ አላምንም፤ ቢጫው ጨርቅ ተጣጥፎ ጋቢናው ላይ ተቀምጦ አያለሁ። ሰማዩን አንጋጥጬ «ዛሬ የሚዘንብ ይመስለኛል» እለዋለሁ። እሱም ገብቶ ምሳ በልቶ ይሄዳል።

አንድ ጊዜ ካጠብኩለት በሚቀጥለው ቅዳሜ የሚመጣ አይመስለኝም። ስለዚህ ያቺ አንዲት እጥበት እስካሁን አለችብኝ።