በነጠላ የጠለለ ዘይት

«በከተማ የምነዳበት ዘይት ለፍጥነት ውድድሩም ይበቃኛል አይደል?» አለኝ ደንበኛዬ፣ ጋራዤ ውስጥ መኪናውን ተደግፎ። የዘይቱን መለኪያ መዝዤ አሸተትኩት። አርሯል።

ያ ሽታ ወደ ልጅነቴ አገር፣ ወደ አበርገሌ መለሰኝ። እናቴን ምጥ ይዟት፣ በአባቴ አሮጌ ፒካፕ ሰቆጣ ሆስፒታል ልናደርሳት ነበር። አዲስ የሞተር ዘይት ከአገሩ ከጠፋ ሰንብቷል። አባቴም እንደ ሌሎቹ ሾፌሮች፣ ያወጣውን ጥቁር ዘይት በጨርቅ አጥልሎ መልሶ ጨመረው። ጨርቁ የእናቴ ነጠላ ነው፤ ከትከሻዋ አውልቃ የሰጠችው ራሷ ናት።

«ይበቃል?» አለችው ጥርሷን ነክሳ።

«እስከ ሰቆጣ ይበቃል። አይዞሽ።»

ይህን ሲላት ፊቷን አላየም። ለምን እንዳላየ ያኔ አልገባኝም።

ዳገቱ መሀል ሞተሩ አንዴ አንቋረረና ደርቆ ቀረ። የአቅራቢያው መንደር ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመዋት ሽቅብ ሮጡ፤ አናቱ ላይ ሳይደርሱ ግን ቀስ ብለው አወረዷት። ፊቷን የሸፈኑት በዚያው በጠቆረ ነጠላ ነው። ሌላ አልነበረም።

«እሺ፣ ይበቃል?» አለ ደንበኛዬ።

መደርደሪያዬ ሙቀት በሚችል አዲስ ዘይት ሞልቷል። ቀና ብዬ ፊቱን እያየሁ፣ «አይበቃም» አልኩት።