የሆላንዱ ብስክሌትና የእማማ የሻረግ ቀብር

ባለፈው እሑድ ባሕር ዳር ላይ ጎረቤታችንን ለመቅበር ስንሄድ የዕድራችን አውቶቡስ መንገድ ላይ እንዲቆም ተደረገ። የብስክሌት ውድድር ስላለ ተወዳዳሪዎቹ እስኪያልፉ ጠብቁ ተባልን። አስከሬኑን የያዘው መኪና ከፊት፣ እኛ ከኋላ፣ ሞተር ጠፍቶ በመስኮት ስናይ ወጣቶቹ ቆባቸውን ደፍተው፣ ጀርባቸውን አጉብጠው በአንድ ድምፅ እያፏጩ አለፉ። ከጎኔ የተቀመጡት ሰውዬ አስከሬን በብስክሌት የሚቆምበት ዘመን መጣ ብለው አጉረመረሙ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም አብሬ አጉረመርም ነበር። ያን ቀን ግን ከሁሉም ኋላ ብቻውን የቀረ አንድ ልጅ እየታገለ ሲያልፍ ዐይኔ እግሮቹ ላይ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ የአጠገቤ ሰው ምን ምን እንዳሉ አልሰማሁም።

እኔም በጃንሆይ ዘመን መገባደጃ፣ ገና ጢሜ ሳያቀመቅም፣ እንደነሱ ካሉ ጋላቢዎች መሃል አንድ ቀን ውዬ ነበር። የነሱ ብስክሌት ቀጭን ነበር፣ በአንድ እጅ የሚነሳ። የኔ ሆላንድ ሠራሽ ነው፤ ጥቁር፣ ረጅም፣ ሰንሰለቱ በቆርቆሮ ሳጥን የተሸፈነ፣ መሪው ወደ ጋላቢው የተቆለመመ፣ ሰው ሲቀመጥበት እንደ ዳኛ ቀጥ ብሎ የሚታይበት፣ ክብደቱም ደህና ጎልማሳ ተሸክሞት ዳገት ቢወጣ ወገቡን የሚያስይዘው። ፍሬኑ እጅ ላይ አልነበረም፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት ነበር የሚቆመው።

ወደ ቤታችን ያመጣው አንድ ሆላንዳዊ መንገድ ቀያሽ ነው። አባቴ ከጋይንት እስከ ስማዳ ገደል ለገደል እየመራው፣ ቀይና ነጭ የተቀባውን እንጨቱን ተሸክሞለት ሁለት በጋ አብሮት ዞረ። ሰውየው ወደ አገሩ ሲሄድ ብስክሌቱን ትቶለት ሄደ። አባቴ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጋለበውም። ኮርቻውን የበግ ለምድ አልብሶ፣ የኋላ መጫኛው ላይ ገብስ ጭኖ፣ መሪውን እንደ በቅሎ ልጓም ይዞ አርብ ገበያ ድረስ በእግሩ ይነዳው ነበር። ገበያተኛው ከቦ ምን ይበላል ብሎ ሲጠይቀው፣ ጾመኛ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ይጾማል ይላል፤ አይስቅም። እኔ ግን ከቤታችን በታች ባለው ሜዳ እየወደቅሁና እየተላላጥሁ መጋለብ ተማርኩ። አባቴ መማሬን ሲያይ አንድ ሕግ ብቻ አወጣልኝ።

«በቅሎም ይሁን ብረት፣ ቤተ ክርስቲያን ፊት ትወርዳለህ፣ ሽማግሌ ስታገኝ ትወርዳለህ፣ አስከሬን ስታገኝ ትወርዳለህ። ሁለት እግርህ መሬት ይንካ።»

ደብረ ታቦር ለትምህርት ስሄድ ብስክሌቱ አብሮኝ ሄደ። ሦስተኛው ዓመት ላይ፣ ኅዳር ውስጥ፣ ከጎንደር ከተማ ስምንት ጋላቢዎች መጥተው እስከ ነፋስ መውጫ ድረስ በዚያ ጠጠር መንገድ እንደሚወዳደሩ ተነገረ። ከአውራጃው አንድ ሰው እንኳ የለም ይባል ወይ ተባለና የስፖርት አስተማሪያችን ግማሹን ለቀልድ የኔን ስም ጻፈ። መንገዱ በሰፈራችን ሥር ነው የሚያልፈው። አባቴ ከክረምት ጀምሮ ጎኑን ታሞ ተኝቶ ነበርና ከውድድሩ ሳምንት በፊት ልጠይቀው ሄጄ ነገሩን ነገርኩት። አጥንቱ ወጥቶ ነበር። ጣሪያውን እያየ «መንገድ ዳር አውጡኝ እላቸዋለሁ» አለኝ። «ከነዚያ መሃል ስታልፍ ልይህ።» ብስክሌቱ ሲጋለብ ካየሁ ይበቃኛል ማለቱ ይሁን ወይም እኔን ማየት ፈልጎ ይሁን አልጠየቅሁትም። ለኔ ግን ከዚያ ወዲያ ውድድሩ ነፋስ መውጫ መሆኑ ቀርቶ ከቤታችን በታች ያለችው መታጠፊያ ሆነ። እዚያ ስደርስ ከነሱ መሃል መሆን ነበረብኝ፤ ለብቻዬ ወደ ኋላ ቀርቼ ሊያየኝ አይገባም።

በማለዳ ተነሣን። የጉና ዳገት ላይ ጋላቢዎቹ ጥለውኝ ሄዱ፤ እኔ ወርጄ እየገፋሁ በብርዱ ውስጥ ላቤ ዐይኔን እያቃጠለው ወጣሁ። ጠጠሩ ግን ከኔ ጋር ወገነ። ቀጫጭኖቹ ጎማዎች አንድ በአንድ መፈንዳት ጀመሩ፤ ከዳገቱ ጫፍ ጀምሮ መንገድ ዳር ተቀምጠው ጎማ የሚለጥፉ ሰዎችን ሰላም እያልኩ አለፍኩ፤ አንዱማ ማስቲሽ አለህ ወይ ብሎኝ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ክብደቴ ራሱ ነዳኝና ወደ ጋይንት ስንገባ ከቀሩት አራት ጋላቢዎች ጋር ተቀላቀልኩ። እነሱ ጎንበስ ብለው፣ እኔ መሃላቸው እንደ ዳኛ ቀጥ ብዬ፣ የገብሱ አጨዳ በተጋመሰበት ማሳ መሃል ስንበር፣ አጫጆቹ ማጭዳቸውን ይዘው ቆመው ሲያዩን፣ ደስታዬን የምይዝበት አጥቼ ነበር። በሕይወቴ ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም እንዲያ የተደሰትኩበትን ሰዓት ፈልጌ አላገኘሁም።

መታጠፊያችን ላይ ስንደርስ አባቴን ፈለግሁ። አልጋም የለም፣ ሰውም የለም። ከመታጠፊያው አለፍ ስንል ግን የቃጭል ድምፅ ሰማሁ፤ ከኛ ሰፈር የወረደ ቀብር መንገዱን ሊሻገር ነው። ቄሶቹ ከፊት፣ ቃሬዛው መሃል፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ከኋላ። አራቱ ጋላቢዎች በመንገዱ ጠርዝ ሾልከው አቧራ አልብሰዋቸው አለፉ። እኔ ፔዳሉን ወደ ኋላ ረገጥኩና ቆምኩ። ቆቤን አወለቅሁ። ግራ እግሬን መሬት አስነካሁ። ቀኝ እግሬ ፔዳሉ ላይ ቀረ።

አጎቴ ደሴ፣ የአባቴ ታናሽ፣ ከተሸካሚዎቹ ተነጥሎ ወደ እኔ መጣ። ፊቱ በአቧራ ተሸፍኖ ነበር፤ እኔ አቧራ ነው ብዬ ነበር ያየሁት። ማን ነው ብዬ ጠየቅሁት።

«እማማ የሻረግ ናቸው» አለኝ። «በዕድሜያቸው ነው።»

እማማ የሻረግ ከቤታችን አጥር ለአጥር የሚኖሩ፣ ልጅ ሆኜ ባቄላ እሸታቸውን ስሰርቅባቸው በስሜ እየጠሩ የሚረግሙኝ አሮጊት ነበሩ። አዘንኩ፣ ግን ብዙም አላዘንኩም። አባዬ ሊወጣ አልነበረም ወይ አልኩት። ነፋሱ ከበደ፣ ከለከልነው አለኝና ብስክሌቱን ከኋላ በእጁ ገፋ አደረገው። «ሂድ፣ ጓደኞችህ ራቁብህ።»

እውነት ርቀው ነበር። ቃሬዛው ከፊቴ እስኪያልፍ ድረስ እኔ የማየው እነሱን ነው፤ አንድ መታጠፊያ አለፉ፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ተሸካሚዎቹ ስለምን እንዲህ ቀስ ይላሉ ብዬ በልቤ ተቆጣሁ። በአባቴም ተቀየምኩ፤ ለነፋስ ብሎ ቀረ ብዬ። የመጨረሻዋ ሴት መንገዱን ስትሻገር በፔዳሉ ላይ የቀረው እግሬ ዝግጁ ነበርና ወዲያው ተነሣሁ።

ነፋስ መውጫ አምስተኛ ሆኜ ገባሁ። በዚያ ብረት መጥቼ መድረሴ ገርሟቸው አንድ ብዕር ሸለሙኝ፤ ለአባቴ ላሳየው በኪሴ ከተትኩት። ወደ ቤት ልመለስ ስል የእናቴ ዘመድ የሆኑ ሰው ድንገት ብቅ ብለው፣ ደክሞሃል እኛ ዘንድ እደር ብለው ይዘውኝ ሄዱ። ብላ ብላ አሉኝ። ጠገብኩ ስል አንድ ጉርሻ፣ አሁንም አንድ። ነገ እህል አፌ እንደማይገባ ስለሚያውቁ ነው። ጎህ ሲቀድ ከቤት ብወጣ ግቢው ሰው ሞልቶበታል። አጎቴ ደሴ ከፊት ነበር። ከሰፈራችን እስከዚያ ሌሊቱን በእግሩ መጥቷል። አፉን ሳይከፍት ገባኝ። በመንገድ ላይ፣ ያውም በብረት ላይ ለተቀመጠ ልጅ መርዶ እንዴት ይነገራል ብለው ነው የደበቁኝ። ልክ ነበሩ። አባቴ እንዳለው መንገድ ዳር ወጥቶ ነበር፤ በዚያ ቃሬዛ።

ሴቶቹ ሲጮኹ እኔ ቆሜ ነበር። አለቅሳለሁ ብለው ግራና ቀኝ ክንዴን ይዘውኛል፣ እንዳልፈጠፈጥ። እኔ ግን ምንም አልተሰማኝም። እነዚያን ሁለት መታጠፊያዎች ነበር የማስበው። ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ተቀምጬ፣ እናቴ ፊቷን ስትቧጥጥ እያየሁ፣ ከአፌ የወጣው ነገር ብስክሌቱን አስገቡት፣ ጤዛ ይነካዋል የሚል ብቻ ነው ብለው ነግረውኛል። እንባዬ በኋላ ይመጣል አሉ። እኔም ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ትምህርቴን ጨረስኩ፣ አስተማሪ ሆንኩ፣ አገባሁ፣ እናቴንም ቀበርኩ። እየጠበቅሁ ነው።

እማማ የሻረግ ከቀብራቸው በኋላ ዐሥር ዓመት ያህል ኖሩ። ያን ቀን እናቴን በነጠላቸው ከልለው ከኔ የደበቋት እሳቸው ነበሩ፤ አጎቴ ስማቸውን ሲጠራ ሰምተዋል፣ ቃል አልተነፈሱም። ለዕረፍት በሄድኩ ቁጥር «ቀባሪዬ መጣ» እያሉ በምርኩዛቸው ይነኩኛል፤ የሰረቅሁትን እሸት ሳይቀር ይቅር እንዳሉኝ ይነግሩኛል። ብስክሌቱ በዚያን ጊዜ ጎተራው ሥር ዶሮ ይሰፍርበት ነበር፤ ኋላም ጎማውን ለጫማ ቆረጡት፣ ብረቱ የት እንደገባ አላውቅም። አንድ ቀን ከሳቸው ጋር አጥሩ ሥር ፀሐይ ስንሞቅ፣ ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገርኳቸው። ያን ቀን አልወረድኩም አልኳቸው። አንድ እግሬ ፔዳሉ ላይ ነበር።

ዐይን ዐይኔን አዩኝ። «ወርደሃል» አሉኝ። «ሁለት እግርህ መሬት ነበር። ከኋላ የነበርኩት እኔ ነኝ፣ አንተ ምን ታውቃለህ።»

ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ። እኔም ተከተልኳቸው።

እሑድ ዕለት የመጨረሻው ልጅ አልፎ መንገዱ ሲከፈትልን መኪናው ተነሣ፣ እኛም ተከተልን። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ደርሰን ከአውቶቡሱ ስወርድ ከኋላዬ ያሉት ሰዎች ምን አቆመህ እስኪሉኝ ድረስ ጎንበስ ብዬ እግሮቼን አየሁ። ሁለቱም መሬት ላይ ነበሩ።